ቦይ ስንጠርግ ቆሮሶውን እንዳንጨርስ፦ የመስኖ ቦይ የማደስ ዝርዝር መመሪያ

ኤክስካቫተር በነጻ ተገኘ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ እልል አለ። ጥቅምት ማብቂያ ነበር። ቦታው ከጣና ብዙም አይርቅም። ለዓመታት በደለል የታፈነው ቦይ በሦስት ቀን ተጠርጎ አለቀ። ዳርና ዳሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ወለሉ ላይ አንዲት ሣር አትታይም። ፎቶ ተነሣን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቆሮሶው፣ የቦያችን ዓሣ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ተንሳፎ አገኘነው። ልጆች በባልዲ ይለቅማሉ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጠርዙ ላይ የተከመረው ጭቃ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሐምሌ ላይ እንደ ድሮው ሆነናል። የጠፋው ዓሣው፣ እንቁራሪቱና ዳሩን ይዞት የነበረው ቄጠማ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ጠረጋ ላይ ተገኝቻለሁ። የገባኝ አንድ ነገር ነው። ቦይ የሚበላሸው ከላይ ነው፤ እኛ ግን ሁሌ ከመሃል እንጀምራለን። ደለሉም መርዙም ከየት እንደሚገባ ሳይታወቅ አካፋ ማንሣት ድካም ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስታነቡ ጠረጋው ራሱ አራተኛ ሥራ ሆኖ ብታገኙት አትገረሙ።

የጻፍኩት ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር አባላት፣ ለውሃ አባቶች (ውሃውን በተራ ለሚያከፋፍሉት) እና ለልማት ሠራተኞች ነው። ምሳሌዬ የጣና ተፋሰስ ነው። ቆጋን ውሰዱ። መራዊ አጠገብ ያለው ግድብ ወደ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ዋናው ቦይ ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የቆጋ ወንዝ ግልገል ዓባይ ይገባል፣ ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል። ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ማሳ ላይ የተረጨ ነገር መንገዱ ወዴት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አንደኛ፦ አካፋ ሳይነሣ በእግር ሂዱ

ከቦዩ ራስ እስከ ጭራው ሂዱ። አንድ ቀን ይበቃል። አራት ሰው ይኑር፦ የውሃ አባቱ፣ ጭራ ላይ የሚያርስ አንድ ገበሬ፣ ቦዩ ላይ ልብስ የምታጥብ አንዲት እናት፣ እና ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ልጅ። ልጁን እንዳትንቁት። ቆሮሶው የትኛው ጥግ እንደሚተኛ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደብተር ያዙ። የምትመዘግቡት አምስት ነገር ነው። ጎርፍ ከየት በኩል ቦዩን ሰብሮ ይገባል? ከብት የት ይጠጣል? የኬሚካል መርጫ የት ይሞላል፣ የት ይታጠባል? ልብስና ባጃጅ የት ይታጠባል? ቦዩ የት ያፈሳል? ለእያንዳንዱ ቦታ ችካል ምቱና ቁጥር ስጡት።

ከዚያ ወንፊት አውጡ። የዱቄት ወንፊት ይሆናል። አምስት ቦታ ምረጡ፤ ሁለቱ ከራስ፣ አንዱ ከመሃል፣ ሁለቱ ከጭራ። ውሃው ውስጥ ካለ ሣር ሥር ወንፊቱን አስገብታችሁ ሣሩን በእጅ አራግፉ። የወጣውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡ። ትንሽ ጠብቁ። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ይመስላል። ከዚያ ጭቃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሦስት ቀጭን ጭራ ያላት ትንሽ ነፍሳት ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። የውሃ ተርብ ልጅ፣ የእንቁራሪት እጭ፣ ሸርጣን ከወጣም ጥሩ ነው። ከጥቁር ጭቃ ውስጥ ቀይ ቀጭን ትል ብቻ ከወጣ ግን ቦታው አየር አጥሮታል፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ እየገባበት ነው። ስንት ዓይነት እንዳያችሁ ጻፉ። ስም ባታውቁም ሥዕል ሣሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለዚህ ሥራ የአልጋ አጎበር አትጠቀሙ። አጎበር በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው። ለሰው የማይጎዳው ያ መድኃኒት ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት ከባድ መርዝ ነው። አሮጌ አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ ሲደረግ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ ጉዳቱ ካለማወቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ደለሉን ከመጣበት ያዙት

በደብተራችሁ ላይ ጎርፍ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ። ከጠረጋው በፊት ገንዘቡም ጉልበቱም እዚያ ይውላል። ቁልቁለት ላይ የተቆረጠ ቦረቦር ካለ በድንጋይ ክትር ሥሩበት። ቦዩን ተከትሎ የሚሄድ፣ ጎርፉን ወደ ማፋሰሻ (ትርፍ ውሃ ወደሚወጣበት ቦይ) የሚወስድ መከላከያ ቦይ ከላይ ቆፍሩ። በቦዩና በማሳው መሃል ቢያንስ ሁለት ሜትር የሣር ዳር ይቅር። ቬቲቨር ሣር ለዚህ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ማሳ አይዛመትም። መኖ ከፈለጋችሁ ዝሆኔ ሣር ወይም ሰስባኒያ ከውጭ በኩል ጨምሩ።

ባሕር ዛፍ ግን ከቦይ ዳር ይራቅ። የመራዊና የሜጫ ሰው ይህን ሲያነብ ፊቱን እንደሚያጠቁርብኝ አውቃለሁ። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። ግን ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል፣ ውሃውን ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። ሣር ከሌለ ዳሩ ይናዳል።

ቦዩ ራስ ላይ፣ ውሃው ከመግባቱ በፊት፣ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ቆፍሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቦዩ በድንገት ሲሰፋና ሲጠልቅ ውሃው ይዘገያል። ሲዘገይ የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል። በየወሩ አንድ ጉድጓድ መጥረግ አሥር ኪሎ ሜትር ቦይ ከመጥረግ ይሻላል። ከብቱ የሚጠጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ከቦዩ ወጣ ብሎ ገንዳ ሥሩና በቧንቧ ውሃ ስጡት። ከብት በቀጥታ ቦይ ውስጥ ሲገባ ዳሩን ይንዳል፣ ፍጉን ይጥላል፣ የዓሣውን እንቁላል ይረግጣል።

ሦስተኛ፦ መርዙ ውሃ አጠገብ እንዳይደርስ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ብዙ ሰው ዓሣ የሚጨርሰው ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን እንዲህ ነው። ጎረምሳው ሽንኩርቱን ወይም ጫቱን ረጭቶ ይጨርሳል። መርጫው ታች ላይ ጥቂት ቀርታበታለች። ቦዩ ቅርብ ነው። መርጫውን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሁለት ጊዜ ይንጠዋል። ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ከውሃው ጋር ይወርዳል። እሱ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ክፋት የለበትም፤ ማንም ሌላ ቦታ አላሳየውም።

አሁን ገበያ ላይ በብዛት ካሉት ፀረ ተባዮች ውስጥ ፓይረትሮይድ የሚባለው ቤተሰብ አለ። ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን የሚሉ ስሞች ጠርሙሱ ላይ ታገኛላችሁ። ለሰውና ለወፍ ከሌሎቹ ይቀላል ይባላል። ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት ግን በጣም ትንሹ መጠን ይበቃል። ፕሮፌኖፎስ፣ ማላቲዮን፣ ዳይሜቶኤት ደግሞ ነርቭ የሚያውኩ ናቸው፤ የሞተ ነፍሳት የበላ ወፍም ሊጎዳ ይችላል። ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡ። የሞተ ዓሣ ሥዕል ካለበት ነገሩን ተረድታችኋል።

መፍትሔው የመርጫ ማጠቢያ ቦታ መሥራት ነው። ከቦዩም ከጉድጓድ ውሃም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ጎርፍ የማይወርድበት ይሁን። ስዊድናውያን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት፣ ባዮቤድ የሚባል ዘዴ አለ። እኛ አገር በሚገኝ ነገር ይሠራል፦

ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ወለሉንና ጎኑን በሸክላ አፈር ጠቅጥቁ። ከዚያ በመጠን ግማሽ ጭድ፣ ሩብ የላይኛው ማሳ አፈር፣ ሩብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ሙሉት። ከመሙላት በፊት ድብልቁ ረጠብ ብሎ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ሣር ትከሉ። መርጫው የሚሞላውም የሚታጠበውም እዚህ ላይ ነው። ጭዱ ላይ የሚበቅለው ሻጋታና በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት መርዙን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ድብልቁ ሲሰምጥ ጭድ ጨምሩ። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ወይም በላስቲክ ሸፍኑት፤ ውሃ ከሞላው ይፈስሳል፣ ሥራውም ይቆማል።

ባዶ ጠርሙሱንም እንዲሁ አትጣሉ። ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ እጣቢው ወደ መርጫው ይመለስና ማሳው ላይ ይረጭ። ከዚያ ጠርሙሱን ብሱት። ካልበሳችሁት ነገ ዘይት ይቀዳበታል፣ ከነገ ወዲያ ጠላ። የተበሳውን ሰብስባችሁ በቁልፍ አኑሩና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲወስደው ጠይቁ።

ማዳበሪያም በልኩ ነው። ዩሪያ ከረጨን በኋላ ወዲያው ውሃ በብዛት ከለቀቅን ብዙው ማፋሰሻው ውስጥ ይወርዳል። ውሃው አረንጓዴ ሾርባ ከመሰለ ዋቅላሚ በዝቶበታል። ለእምቦጭም ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም። እምቦጭ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያደረሰውን ለአማራ ክልል ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ልብስና ባጃጅ ለሚያጥቡት ደግሞ ከቦዩ ራቅ ያለ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ማጠቢያ ሥሩ። እጣቢው አሸዋና ጠጠር የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ይስረግ። «እዚህ ማጠብ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሞክረነዋል። ሰሌዳው ላይ ልብስ ተሰጣበት።

አራተኛ፦ አሁን ጥረጉ

ጊዜውን በዓሣው ቀን መቁጠሪያ ምረጡ። ከጣና ነጭ ዓሦች ውስጥ በርከት ያሉት ክረምት ላይ ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። ጠጠር ላይ፣ በጠራና በሚፈስ ውሃ ነው የሚራቡት። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙ ላይ ያለውን የመጥለፊያ ቦታ አትንኩ፤ ጠጠርም አታውጡ። ቦዩን መጥረግ ኅዳር ላይ፣ መስኖ ሳይጀመር፣ ይሻላል።

በሩን በአንድ ጊዜ አትዝጉ። ውሃውን በሁለት ቀን ቀስ እያላችሁ ቀንሱት። ሁለት ጥቅም አለው። ዓሣው ጥልቅ ወዳለበት ይሸሻል። ዳሩም አይናድም፤ ውሃ የጠጣ የአፈር ግድግዳ ደጋፊው ውሃ በድንገት ሲሸሽበት ይንሸራተታል። ኩሬ ውስጥ የቀሩትን ዓሦች በባልዲ አውጡ። ባልዲው በዚያው ቦይ ውሃ ይሞላ፣ ጥላ ይሁን፣ አይታጨቅ። ያልተጠረገው የቦዩ ክፍል ላይ ልቀቋቸው፤ ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ግድብ አትውሰዱ።

ከዚያ ደንቡ ይህ ነው፦ 50 ሜትር ጥረጉ፣ 50 ሜትር ዝለሉ። የዘለላችሁትን ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ ጥረጉ። ያልተጠረገው ክፍል ለእንቁራሪቱ፣ ለዓሣ ጫጩቱ፣ ለውሃ ነፍሳቱ መጠለያ ነው። በወሩ ውስጥ ወደ ተጠረገው ይመለሳሉ። ሥራው ሁለት ዙር ስለሚሆን ማህበሩ ያጉረመርማል። ሁለተኛው ዙር ግን ከመጀመሪያው ይፈጥናል፤ ሰው ሥራውን ለምዷል።

ይህ ለአፈር ቦይና ለማፋሰሻ ነው። በሲሚንቶ የተለበጠውን ዋና ቦይ ሙሉ በሙሉ ጥረጉት፤ እዚያ ብዙም የሚኖር ነገር የለም። ሕይወቱ ያለው የአፈር ቦዩ፣ ማፋሰሻውና የሌሊት ውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ነው። ሽመላና ሳቢሳ የት እንደሚቆሙ ተመልከቱ፤ እነሱ ያሳዩአችኋል።

ጥልቀቱን በዓይን አትገምቱ። እዚህ ላይ ብዙ ቦይ ተበላሽቷል። ጉልበት ያለው ወጣት ሲቆፍር አያቆምም። ቦዩ ከማሳ መውጫው በታች ከጠለቀ ውሃው ማሳውን አይቶ ያልፋል እንጂ አይወጣም። በየ20 ሜትሩ ችካል ምቱ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ በጎማ ውሃ ልክ (ውሃ በሞላ ቀጭን ቱቦ) ቁልቁለቱን አስተካክሉ። ደለሉ አልቆ ነባሩ ሸክላ ሲመጣ ቁሙ። ቀለሙ ይለወጣል፣ አካፋውም ድምፁ ይቀየራል። ያንን ሸክላ ከበሳችሁ ውሃው ከሥር ይሰርጋል።

የወጣውን ጭቃ መጀመሪያ የቦዩ ተዳፋት ላይ አስቀምጡት። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ብትመለሱ በጭቃው ላይ ቀጫጭን መስመር ታያላችሁ። አምባዛ ደረቱን እየጎተተ፣ ሸርጣንም በጎኑ እየሄደ፣ ወደ ውሃው የተመለሱበት ነው። በማግስቱ ጭቃውን ከጠርዙ ከሦስት ሜትር በላይ አርቁት። እኛ ያን ዓመት የዘለልነው ይህንን ነው። ማሳ ላይ ብትበትኑት ጥሩ አፈር ነው፤ መርጫ ይታጠብበት ከነበረ ቦታ የወጣውን ግን ለብቻ ቅበሩ።

ሣሩን በማጭድ እጨዱ፤ አንዱን ዳር ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ። ፀረ አረም ቦይ ውስጥ መርጨት አቋራጭ ይመስላል። አረሙ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ግን አየሩን ይጨርሰዋል። እምቦጭ ካገኛችሁ ከነሥሩ ንቀሉ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ያዙ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ አድርቁና አቃጥሉ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ያን ቦታ በደብተሩ ላይ አስምሩበት።

ለራሳችሁም አስቡ። ቢልሃርዚያ በቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚመጣው፣ ፀሐይ ሲበረታም ይብሳል። ውሃ ውስጥ የሚያስገባ ሥራ በጠዋት ይለቅ። ቦት ጫማና ጓንት ይኑር። አልቅት ከተጣበቀ በጥፍር ገፍታችሁ አላቁት፤ በክብሪት አታቃጥሉት።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እንግሊዝና ዌልስ ድንበር ላይ ሞንትጎመሪ የሚባል የጀልባ ቦይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዳሩ ተሰበረ፣ በ1944 በሕግ ተዘጋ። ጀልባ ሲጠፋ ብርቅ የሆነ የውሃ ተክል በሰላም በዛበት። በ1969 ሰዎች ቦዩን ማደስ ሲጀምሩ ችግር መጣ፤ ጀልባው ከተመለሰ ተክሉ ሊጠፋ ነው። ዛሬም እድሳቱ አላለቀም። መፍትሔ ያደረጉት ከቦዩ ጎን ለተክሉ ለብቻው ኩሬ መቆፈር ነው። እኛም ማፋሰሻው ጭራ ላይ፣ ለእርሻ የማይሆን ረግረግ ቢኖር፣ ደንገልና ቄጠማ ተክለን ብንተወው ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከማሳ የሚመጣውን ውሃም ወንዝ ሳይገባ ያጣራዋል።

አምስተኛ፦ ቦዩ ሲሰበር

ይሰበራል። በተለይ ከተጠረገ በኋላ ውሃ መጀመሪያ ሲለቀቅ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሩብ ውሃ ብቻ ልቀቁና ሰው በየቦታው ይቁም።

ከተሰበረ የላይኛውን በር ዝጉ። ስብራቱን በሣርና በጭቃ መወተፍ ለአንድ ቀን ነው፤ ሣሩ ሲበሰብስ ያው ቀዳዳ ይመለሳል። የላላውን አፈር፣ ሥሩን፣ የአይጥና የሸርጣን ጉድጓዱን በሙሉ ቆርጣችሁ አውጡ። የቀረውን ግድግዳ ደረጃ ደረጃ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አዲሱ አፈር ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው በደረጃው ነው። ሸክላ አፈር አምጡ። እፍኝ ጨብጣችሁ ስትለቁት ካልተፈረፈረ፣ እጅንም ካላጨቀየ እርጥበቱ ልክ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር እያስገባችሁ በእንጨት መጠቅጠቂያ ጠቅጥቁ። ከዚያ ሌላ 15። ከውጭ በኩል አፈር በሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ደግፉት፣ ላዩ ላይ ሣር ትከሉ። ከስብራቱ በታች ሜዳ ላይ የፈሰሰውን ኩሬ ማየት አትርሱ። ዓሣ እዚያ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል።

ስድስተኛ፦ ዓሣ ሞቶ ያደረ ቀን

መጀመሪያ፦ አይበላም፣ አይሸጥም። ልጆችና ከብት ይራቁ። ይህን ለማስከበር አንድ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ቦዩ ላይ ይቁም።

ቀጥሎ ምን እንደገደለው ገምቱ። ጎህ ሲቀድ ዓሣው ውሃው ላይ አፉን እየከፈተ ከታየ፣ ትልልቁ ቀድሞ ከሞተና አምባዛው በሕይወት ካለ፣ ነገሩ የአየር እጥረት ነው። ሌሊት የውሃ ተክሉ አየር አይሠራም፣ ንጋት ላይ ያልቃል። አምባዛ ግን ከላይ አየር መሳብ ይችላል። ትንሹም ትልቁም፣ ነፍሳቱም ሸርጣኑም በአንድ ጊዜ ከሞቱ፣ ያሉትም እየተንቀጠቀጡ ከዞሩ መርዝ ጠርጥሩ። በተለይ እኩለ ቀን ላይ ከሆነ።

የአየር እጥረት ከሆነ በሩን ክፈቱ፣ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየወደቀ ይግባ፣ የሚበሰብሰውን አረም አውጡ። መርዝ ከሆነ ተቃራኒውን ነው፤ የታችኛውን በር ዝጉ። «ውሃ ለቀን እናጥበው» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ማጠብ ማለት ችግሩን ለታችኛው ቀበሌና ለወንዙ መላክ ነው።

ወዲያው ናሙና ውሰዱ። መርዝ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል ወይም ይበታተናል። ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ክደኑ። ከጠረጠራችሁት ቦታ በላይ አንድ፣ ቦታው ላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ሊሞት ያለ ወይም ገና የሞተ ዓሣ በፎይል ጠቅልላችሁ በረዶ ላይ አኑሩ። ሁሉም ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ ይጻፍ። በስልክ ፎቶ አንሡ፤ የቦታው መለያ የሚሆን ዛፍ ወይም ድልድይ ይግባበት።

ለቀበሌው፣ ለወረዳው ግብርናና አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካውም፣ እንዲያመለክት መብት ሰጥቷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከማኅተሙ ስለሆነ ያችን ቅጂ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ጠብቋት።

የሞተውን ዓሣ ሰብስባችሁ ከውሃ ርቆ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ቅበሩ። አለዚያ አርጃኖውና አሞራው በልተውት ጉዳቱ ይቀጥላል።

ሰባተኛ፦ የማህበሩ ነገር

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ማህበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጣ፣ ክፍያ እንዲሰበስብ ያስችለዋል። እዚያ ደንብ ውስጥ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ መርጫ ቦይ ውስጥ የነከረ ይቀጣል፤ የሣር ዳሩን ያረሰ ይቀጣል፤ የጠረጋ ቀን የቀረ በጉልበቱ ይተካል። ቅጣቱን ትንሽ አድርጉት፤ ትልቅ ቅጣት ማንም በጎረቤቱ ላይ አያስፈጽምም።

ከሁሉም የከበደው የራስና የጭራ ጠብ ነው። ራስ ላይ ያለው ሰው ቦዩ ቢደፈንም ውሃ ያገኛል፤ ስለዚህ ለጠረጋ አይወጣም። ጭራ ላይ ያለው ሁለቱንም ያጣል፤ ውሃውንም፣ ንጹሑንም። አንድ ቦታ ላይ የሠራውን ልንገራችሁ። መርጫ ማጠቢያው መጀመሪያ የተሠራው ራስ ላይ ላሉት ነው፣ በጭራ ሰዎች ደቦ። አፈሩን የቆፈሩላቸው፣ ጭዱን የተሸከሙላቸው እነሱ ናቸው። ጠላም ነበር። ከዚያ በኋላ መርጫ ቦይ ውስጥ መንከር ለራስ ሰዎች አሳፋሪ ሆነ።

ከጠረጋው በኋላ

ክረምቱ ሲያልፍ፣ ጥቅምት ላይ፣ ያችኑ ደብተርና ያንኑ ወንፊት ይዛችሁ ወደ አምስቱ ቦታዎች ተመለሱ። ችካሎቹ ካሉ ጥሩ፤ ከሌሉ ልጁን ጠይቁት። የደለሉን ቁመት በእንጨት ለኩ። የዓይነቶቹን ቁጥር ካምናው አጠገብ ጻፉ። ቁጥሩ ራስ ላይ ጨምሮ ጭራ ላይ ከቀነሰ መሃል ላይ የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። በነጋታው ጠዋት፣ መርጫ የሚታጠብበት ሰዓት ላይ፣ ያን መሃል በእግር ሂዱ።